ሲንቄ ደጄ ላይ የቆመ ዕለት

ሰው በሰባ ሁለት ዓመቱ ስልክ ሲማር እንደ ጥጃ ነው፤ መራመድ ሳይችል መዝለል ያምረዋል። ያን ማክሰኞ ጠዋት ለወዳጄ ለገመቹ ብቻ ብዬ የላክሁት የድምፅ መልእክት ገመቹ ጋ አልደረሰም። የደረሰው የአሰላ ልጆች ስለ ሁለት የሮክ ባንዶች ቀን ከሌት የሚሟገቱበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። የገመቹና የግሩፑ ስም ስልኬ ላይ ከላይና ከታች ተደርድሮ ነበር፤ መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር፤ አውራ ጣቴ ደግሞ ከድሮም የሚታዘዝ ጣት አይደለም።

መልእክቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ እኔ ብረሳው እንኳ አሰላ አትረሳልኝም።

«ገሜ፣ የሌንሴን ዘፈን ሰማሁት። መግቢያው የነጎድጓዶች ነው፤ ከነሥሩ ነቅላ ነው የወሰደችው። ምን ይደረግ፣ ልጅ ከእናቷ ነው የምትማረው። ብርቂስ ጭኮ መሥራት የቻለችው ከኔ ሚስት ሰርቃ አይደል?»

ከዚያ ሳቄ ይከተላል። ረጅም ሳቅ ነው።

ገመቹ ጎሚስታ ነው። ከሱቁ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ተቀምጠን ሠላሳ ዓመት ተበሻሽቀናል። ብርቂ ሚስቱ ናት፤ ሌንሴ ደግሞ ልጃቸው፣ «ውርጭ» የሚባለው ባንድ ጊታር ተጫዋች። ጭኮ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራ የአርሲዎች ምግብ ነው። ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ መጥተው እዚህ ሲሰፍሩ ስሙንም አያውቁት ነበር። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከብርቂ ጓዳ ተቀምጣ ነው አሠራሩን የተማረችው። የቀልዱ ጨውም እዚያ ላይ ነበር፤ አስተማሪዋ ከተማሪዋ ሰረቀች ሲባል። ገመቹ ቢሰማው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ግሩፑ ግን ገመቹ አይደለም።

አሁን እኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ። በወጣትነቴ በአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር እመታ ነበር። ኪነቱ ሲበተን ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ሆንኩ፤ ሰዉ ሬዲዮ መስማት ሲተው ደግሞ ጡረተኛ። ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀረልኝ ክብር አንድ የዘፈን መግቢያ ነው። ጊታሩ ሦስት ጊዜ ይረግጥና አራተኛውን እንደ መርሳት ብሎ አዘግይቶ ይጥለዋል። ከተማው በስሜ «የበየነ መግቢያ» ይለዋል። ከየት አመጣኸው ሲሉኝ «በሕልሜ መጣልኝ» እላለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስል ኖሬ ሕልሙን ራሱን ማየት ጀምሬ ነበር።

«ነጎድጓድ» የሚባለው ባንድ ልጆች እግሬ ሥር ቁጭ ብለው መግቢያውን ተምረው ነው ዝነኛ የሆኑት። መድረክ ላይ ስሜን ይጠራሉ። ስለዚህ ውርጭ የሚባሉት አዲሶቹ በዚያው መግቢያ ብቅ ሲሉና ደጋፊው «ኮረጁ፣ አልኮረጁም» ብሎ ሲከፈል፣ እኔ ዳኛም ከሳሽም ነበርኩ። የሌንሴን ዘፈን የሰማሁት ደግሞ የገመቹ ኮምፕሬሰር እየጮኸ፣ በባጃጅ ነጂው በሱራፌል ስልክ፣ ለጥቂት ሰከንድ ነው።

እኩለ ቀን ሳይሆን ሱራፌል የገመቹ ሱቅ አግዳሚ አጠገብ ባጃጁን አቁሞ ወረደ። የነጎድጓድ ደጋፊ ነው፤ ስማቸውን በባጃጁ መስታወት ላይ አጽፎ በፊደሎቹ መሃል አሾልቆ እያየ ነው የሚነዳው።

«ጋሼ፣ እጅዎን ይስጡኝ። ገላገሉን» አለኝ።

«ከምን?»

«ከክርክር ነዋ። ግሩፑ ውስጥ የላኩት። 'ጋሽ በየነ ፈረዱ' ተብሎ አገር ሰምቷል። ያቺን የጭኮዋን ደግሞ ዴራ ያለ አጎቴ ሳይቀር ልኮልኛል።»

ስልኬን አወጣሁ። መነጽሬን ከግንባሬ አወረድኩ። አየሁት። ወዲያው ተጭኜ አጠፋሁት።

«ጠፋ» አልኩ።

ሱራፌል በራሱ ስልክ አሳየኝ። ሳቄ እዚያው አለ። ያጠፋሁት ከራሴ ላይ ብቻ ነበር፤ ለእኔ ጠፋ፣ ለከተማው ቀረ።

ከሰዓት ሌንሴ መጣች። ጊታሯን በጀርባዋ አዝላለች። ሰላምታ ሰጥታኝ ቆማ ቀረች፤ ሌላ ጊዜ ሳትጠየቅ የምትቀመጥ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ በከተማው አዳራሽ ውስጥ ሁለታችንም ባንዶች ልንጫወት ነበር» አለችኝ። «በገዛ ከተማችን የመጀመሪያችን ነው። አሁን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና መግቢያውን ካላወጣችሁ አትገቡም አለ። ጋሽ በየነ ራሳቸው ሌባ ብለዋችኋል፣ ጠብ አልፈልግም አለኝ።»

«እንግዲህ መግቢያውን አውጡትና ተጫወቱ።»

«አላወጣም።»

«ሌንሴ፣ አንድ መግቢያ ነው።»

«ከነመግቢያው እገባለሁ፣ ወይም አልገባም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ዘፈኑን ስንት ሰከንድ ሰሙት?»

ኮምፕሬሰሩ በዚያች ሰዓት ብቻ ዝም አለ።

«ለቀልዱ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩ መጨረሻ ላይ። «እናትሽን ማንሳት አልነበረብኝም። መግቢያው ግን የኔ ነው። ነጎድጓዶች ከኔ ወሰዱ፣ እናንተ ከነሱ።»

«እርስዎስ ከየት?»

«በሕልሜ።»

ሳቀች። የምትወዷት ልጅ እንደዚያ ስትስቅባችሁ አያድርስ ነው። «እሱን ለእናቴ ይንገሯት» ብላ ሄደች።

ወደ ገመቹ ዞርኩ። አጎንብሶ የጭነት መኪና ጎማ ይፈታል።

«ገሜ፣ ለአንተ ብዬ ነበር እኮ። ለቀልድ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለብርቂ አስረዳልኝ።»

ብረቱን አስቀመጠና እጁን ጠረገ። «እኔ የምናገረው ነገር የለም፣ በየነ። ነገሩ ከወንድ እጅ ወጥቷል» አለና ወደ ጎማው ተመለሰ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ፈሪ ሰው ጥያቄ ይቆጥባል።

ረቡዕ ጠዋት የጭላሎ ተራራ አይታይም፤ ጉሙ ወርዶ ግቢዬ ውስጥ ገብቷል። ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ ከደጅ የብዙ ሴት ድምፅ ሰማሁ። ለቅሶ መስሎኝ ጋቢዬን ፈለግሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ለቅሶ አይደለም። አሥራ አንድ ሴቶች በበሩ ፊት ለፊት ተደርድረው ቆመዋል። እያንዳንዷ በእጇ ቀጭን ረጅም ዘንግ ይዛለች፤ በሌላ እጇ እርጥብ ሳር። ከፊት የቆመችው ብርቂ ናት።

አርሲ ውስጥ ያልኖረ ሰው ይሄን ሲሰማ ዘንግ የያዙ ሴቶች ሊደበድቡት መጡ ይላል። ቢደበድቡኝ በቀለለኝ። ያ ዘንግ ሲንቄ ነው። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን ትሰጣታለች፤ አንዲት ሴት ስትሰደብ ወይም ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ የሰሙ ሴቶች ሁሉ ምጣዱንም ልጁንም ትተው ይከተሏታል። በዳዩ ሳይክስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በሲንቄ ፊት አልፎ የሚሄድ ወንድ የለም። እኔ ደግሞ ብርቂን በአደባባይ፣ ያውም ዴራ ድረስ፣ ሌባ ብያታለሁ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያየሁት የጓሮውን አጥር ነው። ቁመቱን ለካሁ። ጉልበቴን አሰብኩ። ቁልቋሉን አሰብኩ። ከዚያም ነገ በግሩፑ የሚወጣውን ፎቶግራፍ አሰብኩና ተውኩት።

በሩ ጋ ደርሼ መቀርቀሪያውን ስይዝ ሴቶቹ መዝፈን ጀመሩ።

ብርቂ አወጣች፤ ሌሎቹ ተቀበሉ። ዘንጎቹ መሬት ይመታሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ትንሽ መዘግየት፣ የረሱት ይመስል። ከዚያ አራተኛው ይወድቃል።

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ።

እንደገና። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መዘግየት። አራት።

የኔ መግቢያ ነው። ደጄ ላይ ቆሞ፣ ከኔ በሚበልጥ እርጅና፣ በአሥራ አንድ ዘንግ እየተመታ።

ሕልሙ ያን ጊዜ ተነቃነቀ። ኪነት እያለን ከቡድኑ ጋር ክፍት የጭነት መኪና ላይ ተጭነን ወደ ዲክሲስ ስንሄድ መንገድ ላይ ቆምን። ሴቶች ሲንቄ ይዘው መንገዱን ሞልተውታል። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተኛ፤ ማለፍ የሚባል ነገር የለም። ግማሽ ቀን ጠበቅን። እኔ ጭነቱ ላይ ተቀምጬ፣ ጊታሬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የሚሉትን በጣቴ እየተከተልኩ ቆየሁ። ያለ ማጉያ የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው፤ ማንም አልሰማኝም። በሳምንቱ ልምምድ ላይ መታሁት። የቡድኑ አለቃ «ይሄ ከየት መጣ?» አለኝ። ወጣት ነበርኩ፤ መወደድ አምሮኛል። «በሕልሜ» አልኩት።

በሩን ከፈትኩ። ዘፈኑ ቆመ። ከሴቶቹ መካከል የሱራፌልን እናት አየኋት፤ ዓይኗን ስፈልግ ወደ ጉሙ ዞረች።

«ኦቦ በየነ» አለች ብርቂ። «እርስዎ ሰው በተሰበሰበበት ሌባ ብለውኛል።»

ሠላሳ ዓመት አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ያቺ «እርስዎ» ከአሰላ ብርድ በላይ አጥንቴ ውስጥ ገባች።

«ብርቂ፣ ቀልድ ነበር። ለገመቹ ነበር።»

«ቀልዱን ለብቻዬ ቢነግሩኝ እስቅ ነበር። ሚስትዎ ጓዳዬ ውስጥ ተቀምጣ ገብሱን አብረን ስንቆላ፣ አንድ ቀን ይህ የማን ነው ተባብለን አናውቅም። እርስዎ ግን ለአገር ነገሩ። ልጄንም ጨመሩ።»

«ይሄ የዘፈናችሁት…»

«ምኑ?»

«ዜማው። አመታቱ።»

«የእናቴ ነው። የእናቷም ነው። ከዚያ በላይ አላውቅም።» ሲንቄዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «ሌንሴ ከነጎድጓድ የተማረችው መሰለዎት? ነጎድጓድ የሚባል ባንድ ሳይኖር ጀርባዬ ላይ ሆና ትሰማው ነበር።»

ሰዎች ተሰብስበዋል። ገመቹ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መንገዱ ማዶ ቆሟል። ሱራፌልም አለ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ። ዝም ብዬ ይቅርታ ብጠይቅ በቂ ነበር፤ ስድቡን ብቻ ነበር የከሰሱኝ። ስለ መግቢያዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይህን አስቤያለሁ፤ ጻድቅ እንዳልመስላችሁ።

«ብርቂ» አልኩ፣ ድምፄ እንደ አሮጌ በር እየተንጫረረ፣ «ሌባ የተባልሽው በሌባ ነው። መግቢያውን በሕልሜ አላየሁትም። ዲክሲስ መንገድ ላይ እንደናንተ ካሉ ሴቶች ሰማሁት። አርባ ዓመት በስሜ በላሁበት።»

የሱራፌል እናት በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችና ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እስካሁን የሚተረጉምልኝ አላገኘሁም።

ሽማግሌዎቹ ገቡበት። የስድብ ካሳ ጊደር ነው አሉ። እኔ ያሉኝ ሦስት ዶሮዎች ናቸው፣ አንዷም የጎረቤት ትመስለኛለች። ሴቶቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ። ብርቂ ተመልሳ መጣች።

«ጊደሩ ይቅር። በሰደቡበት ቦታ ያንሱት። ልጄም ቅዳሜ ከነመግቢያዋ ትግባ። እሷ ሳትገባ የምሰጠው ይቅርታ የለም።»

እዚያው ቆሜ፣ ሱራፌል እያሳየኝ፣ መነጽሬን በትክክለኛው ቦታ አድርጌ፣ መልእክቱን ላክሁ። ስድቡን አነሳሁ፤ የመግቢያውንም እውነት ሁሉ ተናገርኩ። አልሳቅሁም።

ግሩፑ በእሳት ተያያዘ። «አርጅተዋል» አሉ። «አስገድደዋቸው ነው» አሉ። የነጎድጓድ መሪ ደወለልኝና፣ «ጋሼ፣ ስምዎን ከመድረክ ልናወርደው ነው?» አለኝ፣ እንደ ማስፈራራት። «አውርደው፣ ከበደኝ» አልኩት። ሱራፌል ደግሞ አግዳሚዬ ላይ መጥቶ፣

«ጋሼ፣ ሴት ፈርተው ቃልዎን ገለበጡ ይባላል» አለኝ።

«ፈርቻለሁ። እናትህ ሲንቄ ይዛ ደጅህ ስትቆም አንተም ትፈራለህ። ግን ልጄ፣ ፍርሃት ጆሮ አይተክልም። የሰማሁትን ነው የሰማሁት።»

ሐሙስ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ጋ ሄድኩ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቃሉም የተተኮሰ ሰው ነው።

«አባቴ፣ ነገሩ አልጠራም» አለኝ። «ጠብ ከሚነሳ ውርጮች ለሌላ ጊዜ ይቆዩ።»

«ነገሩ ጠርቷል። የመጀመሪያው ሌባ ፊትህ ተቀምጧል። ነጎድጓዶች ከኔ ነው የወሰዱት። የተሰረቀ ዜማ አዳራሼ አይገባም ካልክ ነጎድጓዶችም አይገቡም። ያቺ ልጅ ብቻ ናት ከቤቷ ያመጣችው።»

«ትኬት ሸጠናል እኮ።»

«እንግዲያው አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ አድርግበት። እኔ አጀንዳ አላጣም።» ከወንበሩ አልነሳም አልኩ። «ሴቶቹንም ልጥራቸው? ደጅህ ሰፊ ነው፤ አሥራ አንድ ሰው ይይዛል። ከዚያ ማን አልፎ እንደሚገባ አብረን እናያለን።»

ብዕሩን አነሳና የቅዳሜው ዝግጅት በተዘረዘረበት ወረቀት ላይ ውርጭ ብሎ ጻፈ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ውርጮች ከመጀመራቸው በፊት መድረክ ላይ ወጣሁ። ማይክሮፎን ከያዝኩ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኖኛል፤ ገና አፌን ስከፍት ከኋላ «ይውረዱ» አሉ። አልወረድኩም። «ጋሼ ጃጁ» አሉ። «ጃጅቻለሁ» አልኩ፣ «ለዚህ ነው የማስታውሰው። የትናንቱን ነው የረሳሁት፣ የድሮው አለ።» ጥቂቶች ሳቁ። የቀሩት አልሳቁም። የዲክሲሱን መንገድ፣ መኪናውን፣ ሕልም ያልኩትን ውሸት ነገርኳቸው። ሲያፏጩ ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ ሲደክማቸው ቀጠልኩ። «የኔ መግቢያ የሚባል የለም። ከዛሬ ጀምሮ በስሜ የጠራው ካለ ሰድቦኛል» ብዬ ጨረስኩ።

ሌንሴ ወጣች። አላየችኝም፤ ሕዝቡንም አላየችም። ጊታሯን ሦስት ጊዜ መታች። አዘገየችው። እንደ ነጎድጓዶች አይደለም፣ እንደኔም አይደለም። እኛ ያዘገየነው ሰው እንዲያጨበጭብልን ነበር። እሷ ስታዘገየው የሆነ ሰው እስኪደርስ የምትጠብቅ ትመስላለች። አራተኛው ሲወድቅ ከመጨረሻው ረድፍ ሴቶቹ ተቀበሉ፤ ያለ ማይክሮፎን፣ ዘንጋቸውን የአዳራሹ ወለል ላይ እየመቱ። ከበሮ መቺው ልጅ እጁን አንስቶ ለእነሱ ተወላቸው።

ሱራፌል ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። ዞሮ ወደ ኋላ አየ። እናቱ ዓይኗን ጨፍና ትዘፍናለች። ብዙ ጊዜ አያት፤ ከዚያ ያዘጋጀውን ፉጨት ዋጠው። ባጃጁ ላይ ያለው ጽሑፍ አሁንም አለ፤ ሰው እንደዚያ በቀላሉ አይለወጥም፣ እኔም ከሱ አልጠበቅሁም።

አሁን ይሄን የምታነቡ ልጆች፣ ክርክራችሁን ተዉ ልላችሁ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ተከራከሩ። እኔ ክርክር የማይወድ ሰው አላምንም፤ ጥርሱ የሚያመው ይመስለኛል። ነገር ግን ይህ ባንድ ያንን ኮረጀ ስትሉ፣ ግሩፑ ውስጥ የሌለ ሰው እንዳለ አስቡ። እኛ ወንዶች የኔ ነው፣ የነሱ ነው ብለን ስንናከስ፣ ባለቤቶቹ ስልክ አልነበራቸውም። ደጃችን መጥተው መሬት እስኪመቱ ድረስ አልሰማናቸውም።

በከተማው ዛሬም ሲንቄ ፈርቶ ክብሩን ጣለ የሚሉኝ አሉ። ፎቶግራፌ ከነጎድጓዶች ቤት ወርዷል። አንድ የድሮ የኪነት ጓደኛዬ ከበቆጂ ደውሎ፣ «ምን አስለፈለፈህ፣ ማን ጠየቀህ?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ማንም አልጠየቀኝም፤ ለዚያ ነው ደስ ያለኝ። በሰባ ሁለት ዓመቴ የራሴ የሆነ ነገር ቢኖረኝ ያቺ ሳልጠየቅ የተናገርኳት ናት። እሷን ከማንም አልኮረጅኳትም።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ቅዳሜ ከአዳራሹ ስንወጣ ብርቂ አስቆመችኝ።

«በየነ» አለችኝ፣ «አንተ ይሄን ሁሉ ዘመን ስትመታው ቃሉን ታውቀዋለህ?»

አንተ አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«የማታውቀውን ነው የበላኸው ማለት ነው። ጊደሩን ትቼልሃለሁ፤ ቃሉን ግን ትማራለህ። በኦሮምኛ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ፊቴ ቆመህ ትለኛለህ።»

ሰባት ስንኝ ነው። በየእሁዱ ገመቹ ቤት እየሄድኩ እማራለሁ። ሌንሴ አነጋገሬን ታርመኛለች፣ ገመቹ ይስቅብኛል፣ ብርቂ ምንም ሳትል ታዳምጣለች። ስድስቱን ችያለሁ። ሰባተኛዋ አጭር ናት፤ ሕፃን በአንድ ቀን ይይዛታል። እኔ ግን እሁድ በመጣ ቁጥር ግማሿ ላይ እንደ መርሳት እላለሁ፣ ብርቂም «ለሚቀጥለው» ትለኛለች። ያቺን አንዲት ስንኝ እስከ ዛሬ አልከፈልኳትም።